መድኃኒትና መድኃኒት ሆድ ውስጥ ሲጣሉ ገላጋዩ ማነው?

በእኛ አገር ጨጓራና ኑሮ ከተዛመዱ ቆይተዋል። ሰዉ አለቃው ሲያንገላታው «ጨጓራዬን ላጠው» ይላል። አከራዩ ኪራይ ሲጨምርበት «ጨጓራዬ ተቃጠለ» ይላል። ለአንዲት ፊርማ ሦስት ቀን ሙሉ «ነገ ና» ሲባል ደግሞ «እነዚህ ሰዎች ጨጓራ ሊያስይዙኝ ነው» ብሎ ያማርራል። ቀልድ ይመስላል እንጂ ቀልድ አይደለም። ማታ ላይ ያው ሰው እውነተኛውን ጨጓራውን በመዳፉ ደግፎ መድኃኒት ቤት ይገባና «ያንን የጨጓራውን ስጠኝ» ይላል። ይሰጠዋል። ከፍሎ ይወጣል። ምን ያምሃል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

የዛሬው ጽሑፌ በዚህችው ባልተጠየቀች ጥያቄ ላይ ነው። ስለ ጨጓራ ማቃጠል ብዙ ተብሏል፤ በርበሬው ነው፣ ቡናው ነው፣ ጭንቀቱ ነው ሲባል ኖረናል። ያልተባለው ሌላ ነው። እሳቱን ላጥፋ ብለን የምንውጣት ክኒን ለልብ፣ ለሳንባ ነቀርሳ፣ ለኤች አይ ቪ ወይም ለታይፎይድ ከምንወስደው መድኃኒት ጋር ልትጣላ ትችላለች። ጠቡ ድምፅ የለውም፤ ደምም አያፈስም። ተሸናፊው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ በሽተኛው!

ለዚህ ጽሑፍ ስል ሰሞኑን በመርካቶ፣ በመገናኛና በሳሪስ አካባቢ መድኃኒት ቤቶች ባንኮኒ አጠገብ ቆም እያልኩ ሰዉ የጨጓራ መድኃኒት ሲገዛ ተመልክቻለሁ። ከሰማሁት ውስጥ አንዱን ልንገራችሁ። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ገቡ።

«እናቴ፣ ምን ልስጥዎት?»

«የጨጓራውን ልጄ፤ ያንን እንክብሉን።»

«ኦሜፕራዞል?»

«እሱን መሰለኝ። ጎረቤቴ የምትወስደውን።»

«ስንት ስትሪፕ ላድርግልዎት?»

አለቀ። በእጃቸው ባንጠለጠሉት ስስ ፌስታል ውስጥ ግን ከሆስፒታል ያመጧቸው ሌሎች መድኃኒቶች ይታዩ ነበር። አጠገባቸው ስለቆምኩ አየኋቸው። ከባንኮኒው ወዲያ ያለችው ልጅ ፌስታሉን አላየችውም። እሷን አልወቅስም። ከእናትየዋ ኋላ ሰባት ሰው ተሰልፏል፤ ሻጯ ብቻዋን ናት፤ አሠሪዋም የሚቆጥረው የተሸጠውን እንጂ የተጠየቀውን አይደለም።

ጠቡ እንዴት ይነሣል?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ጨጓራ አሲድ ያመነጫል፤ ምግብ የሚፈጨውም ተህዋስያንን የሚገድለውም በዚሁ ነው። አሲዱ ወደ ላይ ሲወጣ ቃር፣ የቆሰለ ግድግዳ ሲያገኝ ማቃጠል ይሆናል። አሲዱን የሚቀንሱት መድኃኒቶች በሦስት ይከፈላሉ።

አንደኛዎቹ አንታሲድ የሚባሉት ናቸው። እነዚያ የሚታኘኩት ክኒኖችና ነጫጭ ፈሳሾች፣ ማግኒዥየምና አሉሚኒየም ያለባቸው ማለት ነው። የተመረተውን አሲድ ያመክናሉ። ሁለተኛዎቹ እነ ሲሜቲዲንና ፋሞቲዲን ናቸው፤ አሲድ አምርት የሚለውን ትእዛዝ ያግዳሉ። ሲሜቲዲን እ.ኤ.አ. በ1976 በእንግሊዝ ገበያ ላይ ሲውል የጨጓራ ቁስለት ሕክምናን ለውጦታል፤ ከጀርባው ያሉት ስኮትላንዳዊው ሰር ጄምስ ብላክም እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት አንዱ ሆነዋል። ሦስተኛዎቹ እነ ኦሜፕራዞል፣ ኢሶሜፕራዞልና ፓንቶፕራዞል ናቸው። እነዚህ አሲድ የሚረጨውን ፓምፕ ራሱን ይዘጉታል። ኃይለኞች ናቸው። ዛሬ ከተማውን የያዙትም እነሱ ናቸው።

ጠቡ የሚነሣው በሦስት መንገድ ነው። አንዱ መጣበቅ ነው። የአንታሲዱ ማዕድን ሌላውን መድኃኒት አንቆ ይይዘውና ወደ ደም ሳይገባ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ሁለተኛው የአሲድ እጦት ነው። አንዳንድ መድኃኒት ለመሟሟት አሲድ ይፈልጋል፤ አሲዱ ሲጠፋ እንደ ጠጠር ሆኖ ያልፋል። ሦስተኛው ጉበት ላይ ነው። ጉበት መድኃኒትን የሚያሰናዳባቸውና የሚያስወግድባቸው ኢንዛይሞች አሉት። ሲሜቲዲን ብዙዎቹን፣ ኦሜፕራዞልም አንዳንዶቹን ያግዳሉ። ያን ጊዜ አንዱ መድኃኒት ደም ውስጥ ተጠራቅሞ መርዝ ይሆናል፤ ሌላው ደግሞ ሳይሰናዳ ቀርቶ ከንቱ ይሆናል።

ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው። ለመረዳት ዶክተር መሆን አያስፈልግም። እኔም ዶክተር አይደለሁም፤ ማንም ሊያነበው የሚችለውን አንብቤ፣ የሚያውቁትን ጠይቄ ነው የምጽፈው። የሚያናድደውም ይኸው ነው፤ ምስጢር አይደለም! መድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ በተጣጠፈችው ስስ ወረቀት ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። በእንግሊዝኛ!

«ታይፎይድና ታይፈስ ተቀላቅሎብሃል»

በአዲስ አበባ ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ ገብቶ «ታይፎይድና ታይፈስ ተቀላቅሎብሃል» ያልተባለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ምርመራው ትክክል ነው አይደለም የሚለው ራሱን የቻለ ሌላ ጉድ ስለሆነ ለዛሬ ይቆየን። ለታይፎይዱ ብዙ ጊዜ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ለታይፈሱ ዶክሲሳይክሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ይሰጠዋል። እነዚህ መድኃኒቶች ሆድ ይረብሻሉ። ሰውየው ታዲያ ምን ያደርጋል? ብልህ ነኝ ብሎ ነጩን የጨጓራ ፈሳሽ ይጠጣበታል። እሱን ካላገኘ «ጨጓራዬን እንዳይነካኝ» ብሎ በወተት ይውጠዋል። እናቶቻችንም የሚመክሩት ይህንኑ ነው።

ውጤቱን ስሙ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ማግኒዥየምና አሉሚኒየም ካለበት አንታሲድ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን እስከ 90 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። የ10 ቀን መድኃኒት ገንዘብ የከፈለ ሰው የአንድ ቀኑን ያህል ብቻ አገኘ ማለት ነው! ወተትና እርጎም ብቻቸውን ሲፕሮውን ይቀንሱታል። ቴትራሳይክሊንም ከአንታሲድና ከወተት ጋር አይስማማም። መፍትሔው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ሲፕሮው ከአንታሲዱ ቢያንስ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይወሰድ። ይህችን ዓረፍተ ነገር መናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ባለመናገሩ የሚመጣውን ደግሞ አስቡት። ትኩሳቱ አይለቅም። «ሲፕሮ አልሠራልኝም» ብሎ ይመለሳል። ወደ መርፌ ይሸጋገራል። ዋጋው ይከብዳል። በዚያ ላይ ጀርሙ በጥቂት በጥቂቱ መድኃኒት እየቀመሰ መላመድን ይማራል። ከዚያ በኋላ ጉዳቱ የአንድ ሰው መሆኑ ይቀራል፤ የሠፈሩ ሁሉ ይሆናል።

ሰው ፊት የማይነገር መድኃኒት

አሁን ወደሚያመኝ ጉዳይ ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ዋናው መድኃኒት ዶሉቴግራቪር ያለበት ክኒን ነው። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ ይወሰዳል፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ቆመው የሚሄዱት በዚህና በመሰሎቹ ነው። ነገር ግን ይኼም ክኒን ማግኒዥየምና አሉሚኒየም ካለበት አንታሲድ ጋር ይጣበቃል። እንደ ሲፕሮው ሁሉ ከአንታሲዱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ አለበት። ኦሜፕራዞል ግን ከዶሉቴግራቪር ጋር አይጣላም። የመጀመሪያው መድኃኒት አልሠራላቸው ብሎ አታዛናቪር ወደሚባለው የተዛወሩት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። አታዛናቪር ለመሟሟት አሲድ ስለሚፈልግ ኦሜፕራዞል ክፉኛ ይጎዳዋል፤ ሐኪም ሳያውቀው አብረው ሊወሰዱ አይገባም።

እንግዲህ አንድ ሰው አስቡ። ክኒኑን ከቤተሰቡ ደብቆ፣ የተለጠፈበትን ወረቀት ልጦ፣ በሌላ ዕቃ ገልብጦ ይይዛል። ማታ ማታ አንድም ቀን ሳያጎድል ይውጣል። ጨጓራው ያቃጥለዋል፤ ከሠፈሩ መድኃኒት ቤት የሚታኘከውን ገዝቶ ከእራት በኋላ፣ ከክኒኑ ጋር ያኝካል። ከወራት በኋላ ደሙ ሲመረመር ቫይረሱ ጨምሮ ይገኛል። ያኔ ምን ይባላል? «መድኃኒትህን በሥርዓቱ አትወስድም» ተብሎ ይወቀሳል! ሰውየው ይምላል፤ የሚያምነው የለም። እውነቱን ግን ተናግሯል። ክኒኑን አላጎደለም። ያጎደለው የነጋሪ ሥራ ነው።

«ለምን መድኃኒት ቤት ሲገባ አልተናገረም?» የሚል አይጠፋም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። ልክ ነው። ግን ለማን ይናገር? ባንኮኒው ላይ? ሰባት ሰው ተሰልፎ፣ ከሰባቱ ሁለቱ ጎረቤቶቹ ሆነው፣ «ኤች አይ ቪ አለብኝና የትኛው ይሻለኛል» ይበል? መደበቁን ከመውቀሳችን በፊት የሚናገርበት ጥግ አበጅተንለታል ወይ? ባንክ እንኳ ገንዘብ ስንቆጥር «ከመስመሩ ኋላ ይቁሙ» የሚል ጽሑፍ ለጥፏል። ብራችንን ያከበረ አገር ምስጢራችንን ማክበር እንዴት ይከብደዋል?

የሳንባ ነቀርሳ ታማሚውም ከዚህ አያመልጥም። ስድስት ወር ሙሉ ከሚውጣቸው መድኃኒቶች መካከል ያለውን አይሶናያዚድን አሉሚኒየም ያለበት አንታሲድ ይቀንሰዋል፤ የነቀርሳው መድኃኒት ቢያንስ 1 ሰዓት ቀድሞ ሊወሰድ ይገባል። ሌላው የነቀርሳ መድኃኒት ሪፋምፒሲን ደግሞ በተራው ኦሜፕራዞልን ደም ውስጥ ያመነምነዋል። «ኦሜፕራዞሉ አልያዘልኝም» እያለ በላይ በላዩ የሚጨምረው የነቀርሳ ታማሚ ምክንያቱን ማን ይንገረው?

ልብ፣ ደምና ነፍሰ ጡር

የልብ ቧንቧው ጠቦ ሽቦ የገባለት ሰው ደሙ እንዳይረጋ ክሎፒዶግሬል ይታዘዝለታል። ይህ መድኃኒት ሥራ የሚጀምረው ጉበት ውስጥ ከተሰናዳ በኋላ ነው። የሚያሰናዳውን ኢንዛይም ኦሜፕራዞል ያግደዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሁለቱ አብረው እንዳይወሰዱ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2009 አስጠንቅቋል። መላ የሌለው ነገርም አይደለም፤ ሐኪሙ ካወቀ እንደ ፓንቶፕራዞል ያለ ጠቡ የቀለለ መድኃኒት መምረጥ ይችላል። ካወቀ ነው እንግዲህ! ከሠፈር መድኃኒት ቤት የተገዛውን ሐኪሙ በምን ያውቀዋል?

በልጅነታቸው የጉሮሮ ሕመም ልባቸው ድረስ ዘልቆ የልብ በር የተበላሸባቸው ወጣቶች በዚህ አገር ብዙ ናቸው። ከመካከላቸው ዋርፋሪን የሚወስዱ አሉ። ሲሜቲዲን ዋርፋሪን ደም ውስጥ እንዲጠራቀም ያደርጋል፤ ሲጠራቀም ደም መፍሰስ ይመጣል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይንና ለአስም የሚሰጠው ቲዮፊሊንም በሲሜቲዲን ምክንያት ከልክ በላይ ይሆናሉ። ኦሜፕራዞልን ለረጅም ጊዜ መውሰድ ደግሞ በአንዳንዱ ሰው ላይ የደም ማግኒዥየምን ይቀንሳል፤ ስለዚህም ያው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 ማሳሰቢያ አውጥቷል። ዲጎክሲንና የሚያሸና መድኃኒት አብሮ ለሚወስድ የልብ ታማሚ ይኼ ቀልድ አይደለም፤ የልብ ምቱን ያዛባል።

ነፍሰ ጡሯስ? ጤና ጣቢያ ደም እንዳያንስሽ ተብላ የብረት ክኒን ይሰጣታል። ሆዷ እየገፋ ሲሄድ ቃር ያሠቃያታል፤ አንታሲድ ትወስዳለች። ብረቱ ወደ ደም ለመግባት አሲድ ይፈልጋል፤ አንታሲዱ አሲዱን ያጠፋል። በላዩ ላይ ቡናና ሻይ ሲጨመር የብረቱ ነገር አበቃ። «ክኒኑን እየወሰድሽ ደምሽ ለምን አይሞላም?» ስትባል ምን ትመልስ? የእንቅርት ሆርሞን፣ ማለትም ሌቮታይሮክሲን የምትወስደውም እንዲሁ ናት። ከአንታሲዱም ከብረቱም 4 ሰዓት ማራራቅ እንዳለባት ካልነገሯት ከየት ታምጣው?

ለጥቂት ሳምንት የታሰበው ለዓመታት ሲሆን

ኦሜፕራዞል ለብዙው ችግር የሚታዘዘው ለተወሰኑ ሳምንታት ነው። እኛ ዘንድ ግን ለዓመታት የሚወስደው ሞልቷል። ጨው ያለቀበት ሰው ጨው እንደሚገዛ፣ ሲያልቅ ይገዛል። አሲድ ለረጅም ጊዜ ሲታፈን ቫይታሚን ቢ12 ከምግብ መላቀቅ ያቅተዋል። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። ዓመቱን አጋምሶ የሚጾም ሰው ባለበት አገር፣ ሥጋም ወተትም ከኪስ በላይ በሆነበት ዘመን፣ ነገሩ በእጥፍ ይከብዳል። በዚህ ላይ ሰውየው የስኳር ታማሚ ሆኖ ሜትፎርሚን የሚወስድ ከሆነ ያም በበኩሉ ቢ12ን ይቀንሳል። እግሩ ይደነዝዛል፤ ያቃጥለዋል። «ስኳሩ ነርቭህን ጎድቶት ነው» ይባላል። ምናልባት ስኳሩ ነው፤ ምናልባት ግን የቢ12 እጥረቱ ነው። ሁለቱ ይመሳሰላሉ። በደም ምርመራ የሚለይ፣ ከተገኘም የሚታከም ነገር እንደ ዕጣ ፈንታ ተቆጥሮ ይቀራል።

ምርመራም ይታለላል። አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የጨጓራ ቁስለት ዋና መንስኤ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ መሆኑን አሳይተው እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቤል ተሸልመዋል። ከዚያ ወዲህ ሕክምናው ባክቴሪያውን መርምሮ ማጥፋት ነው። በሰገራ የሚደረገው ምርመራ ታዲያ ኦሜፕራዞል እየወሰዱ ከተደረገ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ 2 ሳምንት ማቋረጥ ያስፈልጋል። ይኼ ሳይነገረው ተመርምሮ «ነፃ ነህ» የተባለ ሰው እሳቱን ታቅፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሌላም አለ። ወገቡን ያመመው ዲክሎፌናክ ገዝቶ ይውጣል፤ ዲክሎፌናኩ ጨጓራውን ያቆስለዋል፤ ለቁስሉ ኦሜፕራዞል ይገዛል። በአንድ እጅ ክብሪት፣ በሌላው እጅ ባልዲ! ሁለቱንም የሸጠለት ያው አንድ ቤት ነው።

ሦስት አዋጅ፣ አንዲት ያልተጠየቀች ጥያቄ

እዚህ ላይ ወደ ባለሥልጣኖቻችን እንዙር። የአዋጅ እጥረት የለብንም። በ1991 የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 176 ወጣ። በ2002 አዋጅ ቁጥር 661 ተከተለ። በ2011 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1112 መጣ። በየአዋጁ መሥሪያ ቤቱ ስሙን ቀየረ፤ ማኅተሙ ታደሰ፤ ሰሌዳው ተቀባ። ባንኮኒው ጋ የቆሙት እናት ግን በ1991 የነበሩበት ቦታ ናቸው። ያን ጊዜም ያልጠየቃቸው፣ ዛሬም የሚጠይቃቸው የለም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይኼ አይደል?

መንግሥት ሲፈልግ ሕዝብ ጆሮ መግባት እንደማያቅተው እናውቃለን። በ2012 ኮሮና ሲገባ ስልክ በደወልን ቁጥር እጃችሁን ታጠቡ የሚል ድምፅ ሰምተናል። ለሕዳሴው ግድብ በ8100 መልእክት ላኩ ተብለን ልከናል፤ አልቆጨንም። ሥራውን ማድነቅ ሲያስፈልግ ቴሌቪዥኑ ከጠዋት እስከ ማታ ጊዜ አያጥረውም። «ሲፕሮን በወተት አትውሰዱ» ለማለት ነው እንዴ የአየር ሰዓት የጠፋው?

ጣቴን ወደ ባለሙያው ብቻ እንዳልቀስር የሚያደርገኝም ብዙ ነገር አለ። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች «በደመወዛችን መኖር አቃተን» ብለው ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ። ለአንዳንዶቹ የተሰጠው መልስ እስር ነበር። ልጆቹን ማብላት ያቃተውን ባለሙያ በሽተኛውን በፈገግታ አነጋግር ማለት ይከብዳል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ለውጥ ወዲህ ደግሞ መድኃኒት መግዛት ራሱ ፈተና ሆኗል። ሰው ሐኪም ጋ ላለመሄድ ይመርጣል፤ የካርዱንና የምርመራውን ገንዘብ አስልቶ በቀጥታ መድኃኒት ቤት ይገባል። ድህነት ማዘዣ ጸሐፊ ሆኗል።

አንድ የማውቀው ፋርማሲስት ይህን ሳነሳበት እንዲህ አለኝ፤ ስጠይቃቸው «ምን አገባህ፣ ሽጥልኝ» ይሉኛል፤ አጥብቄ ከጠየቅኩ ቀጥሎ ያለው ቤት ሄደው ይገዛሉ። እውነቱን ነው። ለዚህ ነው ነገሩ ለአንድ ሰው ትህትና የማይተወው። ሁሉም ቤት ግድ ከሆነበት ገዢው የሚሸሽበት ቤት አይኖርም። ደንብ የሚያስፈልገው እኮ ለዚህ ነው!

የምንጠይቀው ሰማይ አይደለም። አንደኛ፣ የጨጓራ መድኃኒት ሲሸጥ «ሌላ ምን ይወስዳሉ?» ብሎ መጠየቅ ግዴታ ይሁን፤ መጠየቁም ቁጥጥር ይደረግበት። ሁለተኛ፣ ከመድኃኒቱ ጋር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና ሰዉ በሚያነበው ቋንቋ ሁሉ የተጻፈች ግማሽ ገጽ ትሰጥ። ማንበብ ለማይችለውም በቃል ይነገር። ሦስተኛ፣ በየመድኃኒት ቤቱ ሁለት ሰው ቆሞ ዝግ ብሎ የሚነጋገርበት አንዲት ጥግ ትበጅ። መጋረጃ ብትሆንም ይበቃል። አራተኛ፣ በሬዲዮ ይነገር። ከአራቱ ለአንዱ እንኳ የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም።

እስከዚያው ድረስ

አንባቢዬ፣ አዋጅ እስኪወጣ ጨጓራ አይጠብቅም። ስለዚህ ራስህን ጠብቅ፤ ራስሽን ጠብቂ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ቫይታሚኑንም ጨምራችሁ፣ በአንዲት ወረቀት ጽፋችሁ ኪሳችሁ ያዙ። መናገር ካፈራችሁ ወረቀቷን ዘርጉ፤ እሷ ትናገርላችኋለች። ክሊኒክም ሆነ መድኃኒት ቤት ስትገቡ ካልጠየቋችሁ እናንተ ጠይቁ፤ «ይኼ ከሌላው መድኃኒቴ ጋር ይስማማል? ስንት ሰዓት ላራርቀው?» በሉ። አንታሲድን ከሌላ መድኃኒት ጋር አንድ ላይ አትዋጡ። ለጥቂት ሳምንት ብለው የጀመሩት ኦሜፕራዞል ወራት ካስቆጠረ ሐኪም ጋ ሂዱ። ሰገራው ከጠቆረ፣ ደም ካስታወከ፣ ክብደት ካለምክንያት ከቀነሰ ግን ለነገ አይባልም።

ደግሞ ይህን አንብቦ ኦሜፕራዞሉን ዛሬውኑ የሚጥል እንዳይኖር! መድኃኒቱ ጠላት አይደለም። የብዙ ሰው ቁስል አድርቋል፤ አስፕሪን ለሚወስድ የልብ ታማሚ ጨጓራው እንዳይደማ ሐኪም አስቦበት ሊያዝዘው ይችላል። የሐኪምን ትእዛዝ በጋዜጣ አትሻሩ። ለሐኪሙ ግን ሁሉንም ንገሩት።

አበው «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ብለዋል። እዚህ አገር ብዙ ጥያቄ ያስጠይቃል፤ አንዳንዱም ያሳስራል። ይህችኛዋ ግን ማንንም አታሳስርም፤ ነፍስ ታተርፍ እንደሆን እንጂ። «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ስድስት ቃል እንኳ አትሞላም።

ቸር ይግጠመን!